ባዶዋ ካራቢነር፦ 18 ሜትር ላይ አራት ደቂቃ ያቆመችን ክሊፕ

ነገሩ የመጣው በአንዲት ቀይ ካራቢነር ነው፣ በሞላ በምትዘጋ የብረት ማንጠልጠያ። ከጣት ብዙም የማትረዝም፣ ቀላል፣ ሰዎች ቁልፍ የሚያንጠለጥሉባት ዓይነት። ጓደኛዬ ገዝቶ ሲያሳየኝ "ቆንጆ ናት" ብዬዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው እሱን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ። ውሃ ውስጥ ከመውረዳችን በፊት ዕቃውን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ካራቢነሯን አይቻት፣ ነክቻት፣ "እሺ" ብዬ አልፌያታለሁ።

ስኩባ የሚጠልቅ ሰው፣ አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ የሚወርድ፣ አየሩን ስለሚስብበት ሬጉሌተር ያነባል፣ ጥልቀትና ጊዜ ስለሚነግረው ኮምፒውተር ይከራከራል፣ ፊቱ ላይ የሚገጥም ማስክ እስኪያገኝ ይዞራል። ክሊፕ ላይ ሲደርስ ግን እጁ የገባውን ያንጠለጥላል። ክሊፕ ምን አላት? የእጅ ባትሪ ትይዛለች፣ በቃ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ቀኑ እንዲህ ነበር።

የወረድነው አንድ የሰመጠ የጭነት መርከብ ላይ ነው። አሸዋው 22 ሜትር ላይ ነው፣ የመርከቡ የጎን መደገፊያ ብረት ደግሞ 18 ሜትር ላይ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፣ የሚገፋ ሞገድም አልነበረም። ሁለታችንም 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር የአየር ግፊት ሞልተን ነው የገባነው። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ነው ሰው የሚዘናጋው።

ካራቢነሯ የተንጠለጠለችው ጓደኛዬ በግራ ወገቡ በኩል መታጠቂያው ላይ ካለው የብረት ቀለበት፣ ዲ ሪንግ ከሚባለው ላይ ነው፣ ያውም በብረት የቁልፍ ቀለበት። የእጅ ባትሪው እሷ ላይ ይሰቀላል። ባትሪውን ሲፈልግ ነቅሎ ያወጣዋል፣ እሷ እዚያው ወገቡ ላይ ትቀራለች። ባዶዋን። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

መርከቡ ውስጥ አልገባንም። በጎኑ በኩል እየሄድን በመስኮቶቹ ባትሪ እያበራን ወደ ውስጥ እናይ ነበር። መደገፊያው ብረት ላይ አሮጌ የዓሣ መረብ ተጠምጥሟል። የመረቡ የጠርዝ ገመድ፣ ትንሿን ጣት የሚያህል፣ ተላቆ እንደ ልብስ ማስጫ ተወጥሯል። ከሱ ጋር ደግሞ ያ ውሃ ውስጥ ጨርሶ የማይታየው ቀጭን የናይለን ክር አለ። ገመዱን ሁለታችንም አይተነዋል። በላዩ በኩል ነው ያለፍነው፤ ምናልባት አንድ ክንድ ርቀት።

እኔ ከፊት ነበርኩ። ዞር ስል የባትሪው ብርሃን ወደ ላይ ወደ ታች ይወዛወዛል። ምልክት አልነበረም፣ ክንዱ ነው የሚወራጨው።

"አንተ የያዝከኝ መስሎኝ ነበር" አለኝ በኋላ። ወገቡን አንድ ነገር ሳብ ሲያደርገው እኔ እየቀለድኩ መስሎት አንዴ ፊኑን፣ እግሩ ላይ ያለውን የመዋኛ ክንፍ፣ መታ። አልሄደም። ጠንከር አድርጎ መታ። አሁንም አልሄደም። ከዚያ ምን እንደያዘው ለማየት በግራ በኩል ዞረ፣ አንድ ሙሉ ዙር። ያ ዙር ነው ቀጭኑን ክር ወገቡ ላይ የጠመጠመው።

ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር የሚያሳየውን ጌጁን ነው። 90 ባር። ከዚያ ካራቢነሯን አየኋት። የመረቡ ገመድ ቀጥ ብሎ ውስጧ ገብቷል። ማንም ሳያስገባው።

አሁን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጓንት አድርጌያለሁ፣ ወፍራም። በአውራ ጣቴ የካራቢነሯን ምላስ ወደ ውስጥ ገፋሁ። ግማሽ ድረስ ሄደች። ገመዱ ግን ተወጥሮ የካራቢነሯ አፍንጫ ላይ፣ ያቺ ትንሽ ጥርስ ያለችበት ጫፍ ላይ ተጣብቋል። ለማውጣት ገመዱ መላላት አለበት። ገመዱ እንዲላላ ጓደኛዬ ወደ ኋላ፣ ወደ ያዘው ነገር መጠጋት አለበት። እሱ ደግሞ በተቃራኒው ለመሸሽ ፊኑን ይመታል። በመታ ቁጥር ገመዱ ይወጠራል፣ ጣቴም ይንሸራተታል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም አልሆነም።

ከዚያ ልቤ ተመለሰ። ትከሻውን ያዝኩት፣ ፊቱን ወደ ፊቴ አመጣሁት፣ መዳፌን ዘርግቼ "ቁም" አልኩት። ዓይኑ ትልቅ ሆኗል። ሁለት ሦስት ጊዜ ረጅም ትንፋሽ አብረን ተነፈስን። ፊኑን ተወ። በመታጠቂያው ይዤ ወደ ብረቱ ግማሽ ሜትር ያህል ስስበው ገመዱ ወዲያው ላላ። ምላሷን ገፋሁ፣ ገመዱ ወጣ። አለቀ ብዬ ለቀቅኩት። አልሄደም! ቀጭኑ ክር ነው። ያንን በክር መቁረጫ ሁለት ቦታ ቆርጬ ነው ነጻ የሆነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ስናይ እዚያው ጥልቀት ላይ አራት ደቂቃ ቆመናል። በእኔ ግምት አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። ጌጁ 55 ባር ላይ ደርሷል።

ሒሳቡን በኋላ ወረቀት ላይ ሠራነው። 35 ባር በ12 ሊትር ሲባዛ 420 ሊትር ነው። 18 ሜትር ላይ ግፊቱ 2.8 ባር ስለሆነ በውሃ ላይኛው ልክ ሲመነዘር 150 ሊትር፣ በአራት ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 37 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ይህ ሰው ሲረጋጋ በደቂቃ 18 ሊትር ነው የሚተነፍሰው። ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያ አተነፋፈስ 90 ባሩ ሙሉ በሙሉ ከአሥር ተኩል ደቂቃ በላይ አይወስደውም ነበር። አሥር ደቂቃ ብዙ ይመስላል። ግን የመጨረሻዎቹን 50 ባር ለመውጫ መያዝ ስላለበት በእውነት የነበረው ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም። አራቱን ተጠቀምንበት።

በደቂቃ 9 ሜትር ፍጥነት ወጣን፣ 5 ሜትር ላይ ለጥንቃቄ ሦስት ደቂቃ ቆየን፣ 35 ባር ገደማ ይዞ ላይ ደረሰ። ማንም አልተጎዳም። ጀልባው ላይ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም።

ማታ ካራቢነሯን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን አየናት። የመጀመሪያው ጥያቄ እጅ ሳይነካት ገመዱ እንዴት ገባ የሚለው ነው። መልሱ ያሳፍራል። ካራቢነር የተሠራችው ለዚሁ ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ገመዱን በፍጥነት ጠቅ አድርጎ እንዲያስገባ ተብሎ ምላሷ ከውጭ ወደ ውስጥ በቀላሉ ትከፈታለች፣ ሞላው ደግሞ ወዲያው ይዘጋታል። ለተራራ ግሩም ነው። ውሃ ውስጥ ግን ጎንህን ታክኮ የሚያልፍ ማንኛውም ገመድ፣ ክር፣ ሽቦ፣ መረብ ምላሷን ከውጭ ከተጫናት ያው ጠቅ ነው። ለመግባት ማንንም አያስፈቅድም። ለመውጣት ግን መላላት፣ መታየት፣ መታሰብ ይፈልጋል፣ ሦስቱም በዚያ ሰዓት የሉህም። እንዲህ በምላስ የሚከፈቱትን ሁሉ፣ ካራቢነሩንም፣ የጀልባ ገመድ ክሊፑንም፣ የቆዩ ጠላቂዎች "የራስ ማጥፊያ ክሊፕ" ይሏቸዋል። ስሙን በፊትም ሰምቼዋለሁ። የተጋነነ መስሎኝ ነበር።

ካራቢነሯ ላይ ምን ያህል ክብደት እንደምትችል ተጽፎ ነበር፣ ጓደኛዬም ሲገዛት የወደደው ያንን ነው። እንዴ፣ ባትሪው ግማሽ ኪሎ አይሞላም! ጠንካራ መሆኗ እንዲያውም ጎዳን። ደካማ ብትሆን ተሰብራ ትለቀው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ለምን ቆርጬ አልጣልኳትም የሚለው ነው። ቢላ ነበረኝ። ግን ምኑን ልቁረጥ? ዲ ሪንጉ ብረት፣ የቁልፍ ቀለበቱ ብረት፣ ካራቢነሯ ብረት። ብረት ከብረት ጋር ተያይዞ ለቢላ የሚሆን አንድም ቦታ አልተውንም። ገመዱን መቁረጥ እችል ነበር፣ ግን በዚያ ውፍረት በትንሽ ቢላ መገዝገዝ ነው፣ እሱ እየተወራጨ።

ሦስተኛው ደግሞ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው፣ የባዶነቷ ነገር። ባትሪው ተሰቅሎባት ቢሆን ኖሮ አፏ በከፊል የተያዘ ይሆን ነበር፣ ባትሪውም ቁልቁል ወጥሮ ይይዛት ነበር። ባዶ ስትሆን ግን ወደ ውጭ ተንጋዳ የምትወዛወዝ መንጠቆ ነች። እኔ በግሌ ከክሊፑ ዓይነት እኩል የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። ክሊፕ መታሰር ያለበት ዕቃው ላይ ነው እንጂ ሰውነትህ ላይ አይደለም። ባትሪውን ስታነሳ ክሊፑም አብሮ ወደ እጅህ ይመጣል፣ ወገብህ ላይ የሚቀረው ለስላሳ ቀለበት ብቻ ነው። ይህን ሕግ ብናውቅ ኖሮ ያቺው ካራቢነር እንኳ በዚያ ቅጽበት ወገቡ ላይ አትገኝም ነበር።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለ። የካራቢነሯ ምላስ በምትዞርበት ፒን ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አየን። አሉሚኒየም ነች፣ ዲ ሪንጉ ግን ስቴንለስ ስቲል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። ጣቴ ግማሽ ድረስ ብቻ የገፋት በገመዱ ብቻ ላይሆን ይችላል።

በነጋታው ሙከራ አደረግን። ከጓደኞቻችን የተለያየ ክሊፕ ሰበሰብን፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ወፍራም ጓንት፣ አንድ ገመድና አንድ ቀጭን ክር። ክሊፑን ቀበቶ ላይ አንጠልጥለን ገመዱን ሳናይ ጎን ለጎን እንጎትትበታለን። ካራቢነሯ ደጋግማ ያዘችው፣ በሦስተኛው ላይ ሳቅን፣ በአምስተኛው ላይ ግን ማናችንም አልሳቅንም። የጀልባ ገመድ ክሊፑም እንደሷው ነው። ቦልት ስናፑ ግን ገመዱን አንድም ጊዜ አፉ ውስጥ አላስገባም።

ቦልት ስናፕን ለማታውቁት፣ የበር መቀርቀሪያ አስቡ። በሩ ላይ ብትደገፉ፣ ብትገፉት፣ ብትመቱት መቀርቀሪያው አይከፈትም። ጉብታዋን ይዞ ወደ ኋላ የሚስብ ጣት ይፈልጋል። ቦልት ስናፕም ያው ነው፣ በአውራ ጣት ትንሿን ጉብታ ወደ ኋላ ትስባላችሁ፣ አፉ ይከፈታል፣ ስትለቁት ሞላው ይመልሰዋል። ገመድ መቀርቀሪያውን ከውጭ ቢጫነው የትም አይሄድም፣ ምክንያቱም የሚንቀሳቀሰው በርዝመቱ እንጂ ወደ ውስጥ አይደለም። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው፦ የሰው እጅ ካልወሰነ አይከፈትም።

ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። አሸዋ ከገባበት መቀርቀሪያው ይነክሳል፣ ያኔ ጉብታዋን በጓንት ማንቀሳቀስ ጥርስ ያስነክሳል። ጉብታዋ ራሷ ቀጭን ክር ልትይዝ ትችላለች፣ በሙከራችን አንዴ ይዛለች፣ ግን ክሩ ላይዋ ላይ ስለሚቀመጥ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይወርዳል። ርካሹን ከገዛህ ደግሞ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ውስጡ ያለው ሞላ ግን ተራ ብረት ይሆናል፣ እሱ ሲዝግ ውጭው ምንም አያሳይም። ነሐስ ላይ ኒኬል የተቀባው ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል፣ ቅቡ ሲላጥ ግን አስቀያሚ ነው። ለጨው ውሃ 316 የሚባለውን ስቴንለስ ስቲል ምረጡ። ከ304 የሚለየው ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ከ2 እስከ 3 በመቶ ስላለበት ነው፣ የጨው ዝገትን የሚቋቋመውም በሱ ነው። እሱም ቢሆን ከጠለቃ በኋላ ንጹህ ውሃ ውስጥ ገብቶ መቀርቀሪያው አሥር ጊዜ ያህል ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል።

መጠን ላይ ሰው ይሳሳታል፣ እኛም ተሳስተናል። ትንሿን መረጥን፣ ስለምታምር። ባዶ እጅ ላይ ግሩም ነች። ጓንት አድርገን ባልዲው ውስጥ ዓይናችንን ጨፍነን ስንሞክራት ጉብታዋን ማግኘት አልቻልንም። ስለዚህ ክሊፕ የምትገዙ ከሆነ ጓንታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። በአንድ እጅ፣ ሳታዩ፣ በግራም በቀኝም መክፈትና መዝጋት ካልቻላችሁ ትልቁን ውሰዱ። ግርጌው ላይ የሚሽከረከር ዓይን ያለውን ፈልጉ፣ ካልሆነ ማሰሪያው ይጠመዘዛል።

አስተሳሰሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ጥሩ ክሊፕ ገዝቶ እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው። ክሊፑን ከባትሪው ጋር በብረት ቀለበት አታያይዙ። የተጎነጎነ የናይለን ክር፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በክሊፑ ዓይንና በባትሪው ቀዳዳ መካከል ሦስት አራት ጊዜ ታሳልፋላችሁ። ከዚያ በመሃሉ በኩል ጥቂት ጊዜ ትጠመጥሙበታላችሁ፣ ልክ እንደ አንገት እንዲሆን። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ጥብቅ አድርጋችሁ ጫፎቹን በእሳት ለኮስ አድርጉና ይቅለጡ። እንዳይፈታ የሚያደርገው ያ የቀለጠው ጉብታ ነው። ይህ ክር ዓመት ይቆያል፣ በቢላ ግን አንዴ ጨረፍ ሲያደርጉት ይበጠሳል። እኛ ያጣነው መውጫ ይሄ ነበር።

የሬጉሌተር ነገር ከዚህም ይለያል። ሌላ ሰው አየር ሲያልቅበት የምትሰጡት ሬጉሌተር በምንም ዓይነት በብረት አይታሰር። አንዳንዱ በቀጭን የላስቲክ ቀለበት ያስረዋል፣ በኃይል ሲጎትቱት እንዲበጠስ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጉብታ ፈልጎ ወደ ኋላ አይስብም፣ ነጥቆ ነው የሚወስደው።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ሽክርክሪት መቆለፊያ ያላት ካራቢነር ከተቆለፈች ገመድ አትይዝም፣ እውነት ነው፣ ግን ጥርሱ ውስጥ አሸዋ ሲገባና በጓንት ስትፈቷት እዩ፣ መቆለፍ ደግሞ ይረሳል። ፕላስቲክ ክሊፕ ለቀላል ነገር ይሆናል፣ ድንገት እንደሚሰበር አውቃችሁ ከሆነ። ተስቦ የሚመለሰው ማንጠልጠያ ላይ ብዙም እምነት የለኝም፣ ክሩ ሲያልቅ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚበጠሰው። ማግኔት ያለው ደግሞ ኮምፓስህን ያሳስተዋል፣ ደረት ላይ አታድርገው።

አሁን የጓደኛዬ ግራ ወገብ ላይ ጌጁ ብቻ ነው ያለው፣ በቦልት ስናፕ፣ ከቱቦው ጋር በክር ታስሮ። ባትሪው ቀኝ ደረቱ ላይ። ከመውረዳችን በፊት ያለው ፍተሻም አንድ ነገር ጨምሯል፦ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ከትከሻው እስከ ወገቡ አሳልፋለሁ፣ እሱም እኔን እንደዚያው። መዳፌ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ካለ ጀልባው ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ቀን ሌሎቹ ምን እያደረጋችሁ ነው ብለው ስቀውብናል። ከዚያ አንደኛው ራሱ ላይ ሞክሮ የጀልባ ገመድ ክሊፑን ፈቶ ኪሱ ከተተ።

ካሜራው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። እሱ ውድ ስለሆነ ከእጁ አንጓ በወፍራም ማሰሪያ ይታሰር ይላል። እኔ ማሰሪያው ክር ይሁንና ካስፈለገ ይቆረጥ እላለሁ። "ካሜራውን ቆርጠህ ልትጥልብኝ ነው?" ይለኛል። አዎ፣ ነው።